ሁሉንም ልላክ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከካርድ ክፍል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ።

ይቺን ጽፌ ቀና አልኩና «ደህና» በምትለው ቃል ስንት ጉድ እንደሠራሁ ትዝ ሲለኝ እስክሪብቶዬን ጥዬ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። አሁን ተመልሼ ተቀምጫለሁ። እንግዲህ በዝርዝር ልንገርሽ፦ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይጮኻል፤ በግራ በኩል ከላይ ያለውን መንጋጋዬን አስነቅያለሁ፤ ምግብ እበላለሁ፤ ከሥራ ከመባረር ለጥቂት ተርፌያለሁ። ደህና ማለት ይሄ ከሆነ ደህና ነኝ።

ይሄ አምስተኛው ወረቀት ነው። አራቱን ቀዳድጄ ጥያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን «ፌንጣዬ» ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አየሁት አየሁትና አስጠላኝ። ስሙን ያወጣልሽ አባትሽ ነው፣ ከአልጋ አልጋ ስትዘዪ አይቶ። እኔ ያንን ስም ያለ ፈቃድ ተጠቅሜበታለሁና ከእንግዲህ አልነካውም። ስለዚህ «ልጄ» ነሽ። ይቺኛዋ የራሴ ናት።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ልመልስልሽ ነው። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። መልሱን ስትሰሚ ወይ እንደ ልጅነትሽ ትቆጪኛለሽ፣ ወይ ጨርሰሽ ትተዪኛለሽ፤ የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ነው ወንበሩ የሚቆረቁረኝ። ታገሺኝ፣ ወደ እሱ እየሄድኩ ነው። ግን መጀመሪያ ክሊኒኩ ውስጥ ያፈላሁትን ጉድ ልንገርሽ፤ ያለ እሱ ይሄ ደብዳቤም አይጻፍም ነበር።

እንደምታውቂው በዓይን ክሊኒኩ ከካርዱ ሌላ ደብዳቤውም የኔ ሥራ ነው። ዶክተሩ እያንዳንዱ በሽተኛ «ዶክተሩ ራሱ ቁጭ ብሎ ጻፈልኝ» እንዲል ይፈልጋል። እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ነው፣ እሱንም ማንም አያነበው። «ውድ እገሌ፣ የዓይን ምርመራዎ ጊዜ ደርሷል» እያልኩ በሱ ስም በቀን ሃያ፣ ሃያ አምስት ኢሜይል የምልከው እኔ ነኝ። አንዱን እገለብጣለሁ፣ ስሙን አጠፋለሁ፣ ሌላ ስም አስገባለሁ። ሲደክመኝ ደግሞ የፊተኛውን ስም ሳላጠፋ እልከዋለሁ። ባለፈው የታክሲ ሾፌሩን «ውድ እህታችን» ብዬው ደውሎ ሲስቅብኝ ዋለ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ዝግታን ጠራልኝ።

ዝግታ የምለው ኮምፒውተሮቻችንን የሚያይልንን ሰውዬ ነው። ጠና ያለ፣ ራሰ በራ፣ አንድ ቃል ከአፉ እስኪወጣ ሻይሽ ይቀዘቅዛል። አጠገቤ ወንበር ስቦ አዲሱን አሠራር አስረዳኝ። ደብዳቤውን አንድ ጊዜ ብቻ ትጽፊና ስሙ የሚገባበትን ቦታ ባዶ ትተዪዋለሽ። በሌላ በኩል ሠንጠረዥ አለ፤ በአንዱ ዓምድ የሰዉ ስም፣ በሌላው የኢሜይል አድራሻው። ማሽኑ ከሠንጠረዡ ስሙን አንድ አንድ እያነሳ ባዶው ቦታ ላይ ያስገባና ለየሰዉ ለየብቻ ይልካል። የደረሰው ሰው ለሱ ብቻ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

«ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው፣ በአራት ደቂቃ» አለ ዝግታ። እሱ አራት ደቂቃ ሲል አራት ደቂቃ ፈጀበት። «ከፈለጉ ደግሞ ቀንና ሰዓት ይቀጥሩለታል። በየወሩ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ይልክልዎታል።»

«በየወሩ?» አልኩት።

«በየወሩ። እርስዎ አንዴ ጽፈው ይረሱታል።»

ልጄ፣ እዚያ ላይ ያንቺ መልእክት ትዝ አለኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከአንቺ መልእክት ይደርሰኛል። «ሰላም እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው፣ ራስሽን ጠብቂ።» ሃያ ስድስት ወር፣ ሃያ ስድስት መልእክት። እኔ ሞኟ ደግሞ ሰዓት አክባሪነትሽን ለጎረቤት አወራ ነበር። ዝግታ ወደ ሻዩ ሲዞር ስልኬን ከመሳቢያ አውጥቼ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ቦታዋን አልቀየረችም። አንዴ ጽፈሽ ረስተሽኛል። አልወቅስሽም፤ ማን ነው ያስተማረሽ? እኔ ነኝ።

አባትሽ ሲታመም ያደረግኩትን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን በራሴ ቃል ብዬው ስለማላውቅ ልበለው። ቀኝ እጁና ምላሱ በአንድ ጠዋት ከዱት። ሠላሳ ዓመት የሱቅ ሰሌዳ የጻፈበት እጅ። አንቺ ደግሞ እዚያ ሩቅ፣ የመጨረሻ ፈተናሽ ላይ ነበርሽ። ሐኪሞቹ ይድናል ብለውኝ ነበር፤ እኔም ልጅቷን ከፈተናዋ አላቋርጣትም፣ ስትጨርስ ድኖ ታገኘዋለች አልኩ። በየጠዋቱ ይጽፍልሽ ስለነበር ዝም ካለ እንዳትጠረጥሪ ስልኩን አንስቼ በሱ ስም መጻፍ ጀመርኩ። «ደህና ነኝ ፌንጣ። በርቺ።» «ዛሬ የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ ጨረስኩ ፌንጣ። አምሯል።» ሰባት ሳምንት። አልዳነም። አንቺ ስትደርሺ ተቀብሮ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

ያን ዕለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ስልክሽን ስታዪ ቆየሽና «አባዬ በሕይወቱ አራት ነጥብ ጽፎ አያውቅም» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ሰሌዳ ላይ አራት ነጥብ የለም፣ ምን ያደርግልኛል ይል ነበር። እኔ የቢሮ ሰው ሁሉንም በአራት ነጥብ ዘግቻቸዋለሁ። «የትኞቹ ናቸው የሱ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሁሉም የሱ ናቸው፤ እሱ እየነገረኝ ነው የጻፍኩት» አልኩሽ። ቤት እየመጣች ታየው የነበረችው ነርስ ግን ከታመመ ጀምሮ አንዲት ቃል እንዳልተናገረ ቀድማ ነግራሽ ነበር። ሻንጣሽን አነሳሽ። በሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞረሽ ደግመሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔ ያንኑ ደገምኩ።

መስኮቱን እያንኳኩ ነው፤ መጣሁ።

መነጽሯን የረሳች ሴትዮ ናት፤ መነጽሯ ራሷ ላይ ነበር። የት ደርሼ ነበር? እ፣ ዝግታ ጋ። «አሁን ከሁሉ በላይ አንድ ረድፍ ይጨምሩ» ሲለኝ መስኮቱ ተንኳኳ። ካርድ ሰጥቼ ስመለስ የሚለውን ጨርሶ የዶክተሩን ማተሚያ ሊያይ ተነስቷል። «በሚያውቁት ሰው አድራሻ ይሞክሩት» ብሎኝ ሄደ። በጆሮዬ የቀረው እንግዲህ ይሄ ነው፦ ከላይ አንድ ረድፍ ጨምሪ፣ በምታውቂው ሰው ሞክሪ። ጨመርኩ። ከሦስት መቶ ሰማንያ ስድስቱ ሁሉ በላይ አንቺን አስቀመጥኩሽ። በስም ዓምዱ «ፌንጣ»፣ በአድራሻ ዓምዱ አድራሻሽን።

ደብዳቤውንም ጻፍኩ። ለሙከራ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ፣ ሁለት ዓመት አልወጣ ያለኝን በአምስት መስመር ጻፍኩት። ቃል በቃል ይሄን ይላል፦

«ውድ ፌንጣ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደህና ነው እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደህና አልነበረም፤ አውቅ ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። አሁን ጊዜው አልፏል። ከቻልሽ ነይና ፊት ለፊት እንነጋገር።»

ስሙ የሚገባበት ቦታ ላይ ምን ላስገባ ብሎ ማሽኑ ሲጠይቀኝ ከላይ «ፌንጣ» የሚል አወጣልኝ። አየሽ፣ አወቃት ብዬ ደስ አለኝና ነካሁት። በመጨረሻ «ሁሉንም ልላክ?» አለኝ። እኔ ደብዳቤውን መስሎኝ ነው። ግማሹን ልኬ ግማሹን ምን ላደርገው? ሁሉንም እንጂ። «አዎ» የሚለውን ነካሁና ላብ በላብ ሆኜ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ። ሁለት ካርድ ከእጄ ወድቆ፣ ሳላነሳው፣ ሮጬ ከፈትኩት። «የትኛው ነው፣ የቀኙ ወይስ የግራው?» ይላል። ምን ማለትሽ እንደሆነ ስፈታ፣ በነገር እየወጋችኝ ነው ስል፣ ሁለተኛው መጣ። «ዶክተር፣ እኔ ወንድ ነኝ። ዓይኔ ግን ምን ሆኗል?» ሦስተኛው ከልብስ ሰፊዋ ነው። «እኔኮ ጠርጥሬ ነበር» ትላለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ደብዳቤው ለሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት የዓይን በሽተኛ፣ በየስማቸው፣ ለየብቻቸው ደርሷል። ደህና ነው ያልኩሽ ደህና አልነበረም፣ አውቄ ነው የደበቅኩሽ ብሎ። ከታች ደግሞ ማሽኑ እንደ ልማዱ የዶክተሩን ስምና ማዕረግ አስገብቶበታል። አየሽ፣ ይቅርታ ስጠይቅ እንኳ በሌላ ሰው ስም ነው የጠየቅኩት። ማሽኑ የሚቀይረው ስሙን ብቻ ስለሆነ ሽማግሌውም፣ ሥጋ ሻጩም፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅም ሁሉም «አንቺ» ተብለዋል። «አድርጊልኝ፣ ነይ፣ እንዳትደነግጪ።»

ሰው ደግሞ ነይ ከተባለ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ሳይሆን መጠበቂያው ክፍል ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አንዱ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያነባል፣ ዓይኑን ቀይሮ ደግሞ ያነባል። የታክሲ ሾፌሩ ዓይኔን ሳያዩኝ መሪ አልነካም ብሎ መኪናውን በር ላይ አቁሞታል። ጡረታ የወጣው ዳኛ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው፣ ገና ግን እኔ እንደሆንኩ አያውቁም።

ደብቄ ላልፍ እችል ነበር። ማሽኑ ተበላሸ ማለት ቀላል ነው፤ ዝግታም ጨዋ ሰው ነው፣ አያጋልጠኝም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንዲት አሮጊት «ዓይኔ ሊጠፋ ነው ወይ?» ብላ አለቀሰች። ወንበር ላይ ቆምኩ፤ በዚህ ጉልበቴ። «ዓይናችሁ ምንም አልሆነም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለልጄ ነው የጻፍኩት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሁለቱ ተሳደቡ፣ አሮጊቷ እንደገና አለቀሰች። ዳኛው ባርኔጣውን ይዞ ተነሳና ወደ መስኮቴ መጣ። «ልጄ፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ አንቺ ስባል የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። ይቅርታ ልለው ስል እጁን አነሳ። «ለመሆኑ ልጅሽ ደረሳት ወይ?»

አላውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ትርምስ የአንቺን መልስ ከሌሎቹ መካከል ስፈልግ ቆይቻለሁ። ዝግታን ይዤው ወደ ማሽኑ ሄድን። የተላኩትን ዝርዝር ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ሄደበት፤ የለሽም። ሠንጠረዡን ከፈተው፤ አለሽ፣ ከላይ። ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ሰው አይደለም» አለኝ። «ርዕስ ነው። ስም፣ አድራሻ ብለው እንዲጽፉበት ነበር የነገርኩዎት። ማሽኑ ለርዕስ ደብዳቤ አይልክም።» ባዶውም ቦታ ለካ ስሙ «ፌንጣ» ሆኖ ኖሯል። የሁሉም ሰው ስም ተራ በተራ በአንቺ ቦታ ገብቶ ለሁሉም ሲደርስ ያልደረሰሽ አንቺ ብቻ ነሽ። እዚያው ዝግታ ፊት አለቀስኩ። ከሁሉ በላይ ያስቀመጥኩሽ መስሎኝ።

ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እትዬ፣ በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ በሽተኛ ዋሽቼ አላውቅም። ዛሬ እርስዎ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው ዋሽቻለሁ ብለው ጻፉልኝ» አለ። ማስተካከያ በማሽኑ ልላክ ወይ አልኩት። «በማሽን የለም። በአፍዎ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ አንድ በአንድ፣ ስልክ ይደውላሉ። ሲጨርሱ ስለ ሥራዎ እንነጋገራለን።»

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ዝርዝሩን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ጆሮዬ እስኪግል እደውላለሁ። የመጀመሪያዎቹን «በስህተት ነው የደረሰዎት» ብዬ ልጀምር ሞከርኩ። «በስህተት ነው» የምትለዋ ቃል ግን ጉሮሮዬ ላይ ትቆማለች። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ትቼያት «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለልጄ ነበር» ማለት ጀመርኩ። ታዲያ ሰዎቹ ዓይናቸው ደህና መሆኑን ሲሰሙ ስልኩን የሚዘጉ መስሎሽ ነው? ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ልጅሽ ምን አለች?» ሥጋ ሻጩ በዚያ ወፍራም ድምፁ «እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጅቷስ?» አለኝ። «ገና አልመለሰችም» እያልኩ ሠላሳ ሰው ዋሸሁ። ሠላሳ አንደኛዋ ላይ ሰለቸኝ። «አልደረሳትም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለሁሉም እውነቱን ነው የነገርኩት።

በስድስተኛው ቀን አንዲት ሹራብ ሠሪ ላይ ደረስኩ። ኢሜይሉን ያነበበችላት ጎረቤቷ ናት፤ እሷ ክሩን የምታየው በጣቷ ነው። እንደ ሌሎቹ አልቸኮለችም። «ምን ዋሽተሻት ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለማላውቃት ሴት፣ ፊቷን እንኳ ለማላስታውሳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረገፍኩላት። ስልኩን፣ አራት ነጥቡን፣ ሻንጣሽን። እስክጨርስ ሰማችኝና «ከዚያ ሁሉ መካከል አንድ እንኳ የሱ አልነበረም?» አለች።

ሌላ ስልክ እየጠራብኝ ነው ብዬ ዘጋሁት። የሚጠራ ስልክ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንኩት። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ ምን ልፈልግ እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ጨው ሁለት ጊዜ እጨምራለሁ። አውቶቡስ ጥሎኝ ይሄዳል። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት እንግዳ ሰው የሰማውን እውነት አንቺ ሳትሰሚው መኖር አልቻልኩም። ለነሱ የነገርኳቸው ደግሞ ሙሉውን አይደለም። ለሹራብ ሠሪዋም ያልነገርኳት አለ። እሱን ነው አሁን የምነግርሽ፤ ተነስቼ በሩን ቆልፌ መጣሁ።

አንዱ የሱ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ትራሱን አስተካክዬለት ልብሱን ላጥብ ወጣሁ፣ ስልኩን ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ረስቼዋለሁ። ስመለስ በግራ እጁ ይዞታል። ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ በአንዲት ጣት። ታውቂዋለሽ፣ ሰሌዳ ሲጽፍ ግማሽ ቀኑን የመጀመሪያው ፊደል ላይ ነበር የሚጨርሰው፤ እሱ ካማረ የቀረው ቀላል ነው ይል ነበር። ያን ጊዜም እንደዚያው። «ፈ»ን ነክቶ፣ ተጭኖ ይዞ፣ ከሚወጡት ውስጥ «ፌ»ን መርጦ አስቀምጧል። ምን ያህል እንደፈጀበት አላውቅም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ሁለተኛውን ፊደል እየፈለገ ነው።

እኔ ደነገጥኩ። ሊነግራት ነው፣ አምስት ሳምንት የደበቅኩት ሊወጣ ነው፣ ፈተናዋን ጥላ ልትመጣ ነው። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት። ልጄ፣ ያዘው፤ አለቀቀልኝም ነበር። ጎትቼ ነው የወሰድኩት። ስጎትት አውራ ጣቴ «ላክ» የሚለውን ነካው። አንዲት ፊደል ደረሰችሽ።

አንቺም ወዲያው መለስሽ። «አባዬ፣ ፌ ምንድን ነው? ኪስህ ውስጥ ሆኖ ነው?» እኔም እሱ እያየኝ፣ እዚያው አጠገቡ ቆሜ፣ በሱ ስም «አዎ ልጄ። በስህተት ነው።» ብዬ ጻፍኩልሽ። ሁለት አራት ነጥብ። «ፌንጣ» እንኳ አላልኩሽም፤ እጄ እምቢ አለኝ። አልተቆጣኝም። እጁን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀን ስልኩን አልፈለገም።

እንግዲህ የጥያቄሽ መልስ ይሄ ነው። ከታመመ በኋላ የተላከልሽ አርባ ስምንት መልእክት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አርባ ሰባቱ የኔ ናቸው። አንዱ የሱ ነው፣ እሱንም ስህተት ነው ብዬ የቀማሁሽ እኔ ነኝ። ስህተት አልነበረም። ስምሽን እየጻፈ ነበር።

ስልኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ የሚሞላበትን ገመድም ጨምሬያለሁ፣ እንዳትቸገሪ። ከእንግዲህ በኔ እጅ መኖር የለበትም። ስትከፍቺው ወደ ላይ ሂጂ፣ የአምስተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር። ታገኚዋለሽ። አራት ነጥብ የለውም።

ሥራዬን ዶክተሩ መልሶልኛል፤ ዳኛውም መጥቶ ተናግሮልኝ ነበር አሉ። ከማሽኑ ግን አገደኝ። ወደ ቀድሞዬ ተመልሼ አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ ሰው በስሜ ይጥራኝ፣ ሰው በአፉ ይስደበኝ፣ ለኔ ይሄ ይሻለኛል። አንቺንም የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የወር መግቢያውን መልእክት አቁሚው። ዝም ማለት ከፈለግሽ በራስሽ ዝም በይኝ። ልትሰድቢኝ ብትፈልጊም በራስሽ ጣት ጽፈሽ ስደቢኝ። ሌላ አልጠይቅሽም፤ ናፍቀሽኛል፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ናፍቀሽኛል፣ ግን ነይ አልልሽም። «ነይ» የምትለዋን በየመንደሩ ለሽማግሌ ሁሉ ልኬ ጨርሻታለሁ።

የጻፍሽው ሁሉ ለፈለግሽው ሰው ይድረስልሽ። የያዝሽውን የሚነጥቅ እጅ አይምጣብሽ። አባትሽ ሊልሽ የነበረውን ሁሉ እግዚአብሔር በሌላ መንገድ ያሰማሽ። ጤና ሁኚልኝ።

እናትሽ
በራሴ እጅ፣ ለአንቺ ብቻ